ማርያም የሳመችው ነው ወይስ ሌላ? የሚያጠራጥር ጥቁር ነጥብ ስታዩ ምን ታደርጋላችሁ

የሚያስጨንቃችሁ ነገር ምናልባት ጀርባችሁ ላይ ነው። ምናልባት ጥፍራችሁ ስር ነው። ወይም የእናታችሁን እግር ስታጥቡ ተረከዛቸው ላይ ያያችሁት ጥቁር ነገር ነው፤ እሳቸው “ድሮም ነበረ፣ ተዪው” ይላሉ፣ እናንተ ግን ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን እርግጠኛ አይደላችሁም። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ የምታገኙት ፎቶ ሁሉ የፈረንጅ ቆዳ ነው፣ ከእናንተ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ለእኛ ቆዳ በሚሆን መንገድ ከሥሩ እንሂድ።

መጀመሪያ የሚያረጋጋውን ቁጥር ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ በሕይወት ዘመኑ ሜላኖማ የሚይዘው ጥቁር ሰው ከ1,000 አንድ ገደማ ነው። ነጮቹ ላይ ከ33 አንድ ነው። ሜላኖማ ማለት የቆዳን ቀለም ከሚሠሩት ሴሎች የሚነሳው፣ በሰውነት ውስጥ በመሰራጨት የሚታወቀው ክፉው የቆዳ ካንሰር ነው። እንግዲህ ያያችሁት ነገር ካንሰር ያለመሆኑ ዕድል በጣም ሰፊ ነው። የማያረጋጋው ደግሞ ይኸው፦ እዚያው አሜሪካ ሜላኖማ ከያዛቸው 10 ነጮች ከ9 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ሲሻገሩ፣ ከ10 ጥቁሮች የሚሻገሩት ወደ 7 ናቸው። ትልቁ ምክንያት ዘግይቶ መታየቱ ነው። “ጥቁር ሰው የቆዳ ካንሰር አይዘውም” የሚለውን ወሬ ታማሚው ብቻ አይደለም የሚያምነው፤ አንዳንዴ ሐኪሙም ያምነዋል።

1. መጀመሪያ ካልሲ አውልቁ

የፈረንጆቹ መመሪያ ጀርባችሁን፣ ክንዳችሁን፣ ፀሐይ የሚመታውን ቦታ እዩ ይላል። እኛ ላይ ሜላኖማ የሚወጣበት ዋናው ቦታ ሌላ ነው። ውስጥ እግር፣ ተረከዝ፣ የእጅ መዳፍ፣ ጥፍር ስር። ፀሐይ የማያገኘው፣ ቀለሙም ፈካ ያለው ቦታ ማለት ነው።

ቦብ ማርሌይን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1977 ቀኝ እግሩ አውራ ጣት ላይ፣ ጥፍሩ ስር የተገኘበት ይኸው ዓይነት ሜላኖማ ነበር። ኳስ ሲጫወት ከተጎዳው ጉዳት ጋር ሲያያዝ ቆይቷል። ጣቱ ይቆረጥ ሲባል አልፈቀደም። በ1980 መጨረሻ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ፣ ግንቦት 1981 ላይ ማያሚ ውስጥ በ36 ዓመቱ አረፈ። ካንሰሩ እስከ አንጎሉ ደርሶ ነበር። እኛ አገር ደግሞ ኳሱ ቀርቶ እሾህ ይሆናል፤ “እሾህ ወግቶኝ ነው”፣ “ጫማ ልጦኝ ነው”፣ “ድንጋይ አደናቅፎኝ ነው” ይባልና ወራት ያልፋሉ።

አሠራሩ ቀላል ነው። እግራችሁን ታጠቡ። በቀን፣ መስኮት አጠገብ ተቀመጡ፤ የማታ አምፖል ቡናማውን ከጥቁሩ አይለይላችሁም። ውስጥ እግራችሁን፣ ተረከዛችሁን፣ በጣቶቻችሁ መሃል ያለውን ቆዳ ሳትቸኩሉ እዩ። ጎንበስ ማለት የሚያቅተው ሰው መስታወት መሬት ላይ ያድርግ፣ ወይ ልጅ ይጥራ። ቀጥሎ የእጅ መዳፍ፣ ቀጥሎ 20ውም ጥፍር። የጥፍር ቀለም ካለ ይጠረግ። እንሶስላ ወይም ሂና ልትሞቁ ካሰባችሁ ከመሞቃችሁ በፊት እዩ፤ ቆዳ ላይ ያለው በጥቂት ሳምንት ቢለቅም ጥፍር ላይ ያለው ጥፍሩ አድጎ ካልተቆረጠ አይወጣም፣ እስከዚያ ስሩ ያለውን ይደብቃል። ሙሽሮችና ሚዜዎች፣ ይህ ለእናንተም ነው።

የቀረውን ሰውነት በሌላ ሰው ዓይን ነው የምታዩት። ለጀርባ ባል ወይ ሚስት። ለራስ ቅል ሹሩባ የምትሠራላችሁ ሴት ከማንም በላይ ታያለች፣ ጠይቋት። አፍም ይታያል፤ ድድና ላንቃ ላይ የሚወጣ አለ። ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች ላይ ግን ይህን መለየት ከባድ ስለሆነ፣ ንቅሳቱ ያልነበረበት ቦታ ላይ የመጣ ጥቁረት ወይም እብጠት ካለ የጥርስ ሐኪም ይየው።

2. የሚያሳስበውን ከማያሳስበው መለየት

ማርያም የሳመችን የምንለው ነጥብ ብዙ ሰው ላይ አለ። በልጅነትና በጉርምስና ይወጣል፣ ከዚያም በኋላ እስከ ጎልማሳነት ሊጨመር ይችላል። ክብ ወይም ሞላላ ነው፣ ቀለሙ አንድ ዓይነት ነው፣ ዳሩ ጥርት ያለ ነው፣ ዓመት ዓመትን ሲተካ እንደዚያው ነው። በእርግዝና ጊዜ ትንሽ ሊጠቁር ይችላል። ዕድሜ ሲገፋ ጉንጭና ዓይን ዙሪያ የሚወጡት፣ እናትም ልጅም ላይ የሚታዩት ትንንሽ ጥቁር ፍሬዎች ጉዳት የላቸውም። ማዲያትም ካንሰር አይደለም። ለማዲያት ብላችሁ የምትቀቡትን የሚያነጣ ቅባት ግን ለሐኪም ንገሩ፣ እሱ ሌላ ጣጣ አለው።

የሚያሳስበው ነጥብ በአምስት ነገር ይታያል። መሃሉ ላይ መስመር ቢሰመር አንዱ ጎን ከሌላው አይመሳሰልም። ዳሩ የተቦጨቀ ወይም ወደ ዙሪያው ቆዳ የፈሰሰ ይመስላል። እዚያው አንዱ ነጥብ ላይ ቡናማም፣ ጥቁርም፣ ቀይም፣ ግራጫም አለ። ስፋቱ ከ6 ሚሊ ሜትር ያልፋል፣ ከምስር ፍሬ ተለቅ ይላል ማለት ነው። አምስተኛው መለወጡ ነው፦ ማደግ፣ መጥቆር፣ ማበጥ፣ ማሳከክ፣ መድማት፣ ሳይነኩት መቁሰል። ከአምስቱ እኔ የምፈራው የመጨረሻውን ነው። ትንሽም ይሁን፣ ክብም ይሁን፣ በወራት ውስጥ የሚለወጥ ነጥብ መታየት አለበት። ከ40 ዓመት በኋላ አዲስ የወጣና እያደገ ያለም እንደዚሁ። አንዳንዱ ደግሞ እነዚህን ምልክቶች ሁሉ ሳያሳይ ጉብ ብሎ፣ ጠጠር ብሎ፣ በሳምንታት ውስጥ የሚያድግ አለ፤ እሱ ጊዜ አይሰጥም።

ብዙ ነጥብ ያለባችሁ ሰዎች አንድ በአንድ መለካት ያሰለቻል። እናንተ ከሌሎቹ ጋር የማይመሳሰለውን፣ ለብቻው ሌላ መልክ ያለውን ፈልጉ። እሱን አሳዩ።

3. እግርና ጥፍር የራሳቸው ሕግ አላቸው

ጥቁር ሰው ውስጥ እግር ላይ ጠፍጣፋ፣ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነጠብጣብ መኖሩ የተለመደ ነው፣ በተለይ ብዙ ከሆነና ሁለቱም እግር ላይ ካለ። ስለዚህ አንድ ነጠብጣብ አይታችሁ አትደንግጡ። ሐኪሞች ለእግር የሚጠቀሙበት መለያ እንዲህ ነው፦ ከዙሪያው ቆዳ የተለየ ቀለም አለው፤ ምን እንደሆነ እርግጠኛ ሆኖ የነገራችሁ ሰው የለም፤ ይደማል ወይም ፈሳሽ ያወጣል፤ እየታከመም ይሰፋል፤ ሁለት ወር ሞልቶት አልዳነም። ከእነዚህ ሁለቱ ካሉ የቆዳ ሐኪም ጋ መድረስ አለበት።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። የእግር ሜላኖማ ፈንገስ ይመስላል። ኪንታሮት ይመስላል። የስኳር ሕመምተኛ ላይ ከሆነ የስኳር ቁስል ይመስላል። አንዱ ክሊኒክ የፈንገስ ቅባት ይሰጣል፣ ሌላው አንቲባዮቲክ፣ ሦስተኛው ፋሻ ይቀይራል፣ ማንም ከሥጋው ለምርመራ ናሙና አይወስድም። አንድ ሕክምና ሞክራችሁ በሁለት ወር ውስጥ ካልዳነ ሌላ ቅባት አትጠይቁ። “ናሙና ይወሰድልኝ” በሉ።

ጥፍር ላይ ደግሞ ከስር እስከ ጫፍ የተሰመረ ቡናማ መስመር ታያላችሁ። እኛ ላይ ይህም የተለመደ ነው፣ ዕድሜ በገፋ ቁጥር ይበዛል፣ ብዙ ጥፍሮች ላይ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ያረጋጋል። የሚያሳስበው አንድ ጥፍር ላይ ብቻ ያለ ነው፤ በተለይ የእጅ ወይም የእግር አውራ ጣት ላይ፣ ስፋቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ያለፈ፣ ወይም ከስሩ ሰፍቶ ወደ ጫፉ የጠበበ፣ ይህም ማለት እየሰፋ ያለ። ጥቁረቱ ከጥፍሩ አልፎ ወደ ጥፍሩ ዙሪያ ቆዳ ከፈሰሰ ቀጠሮ እስኪመቻችሁ አትጠብቁ። ጥፍሩ ከተሰነጠቀ ወይም ስሩ ከደማም እንዲሁ።

“በር ቆርጥሞኝ ነው፣ ደም ነው” ለምትሉ ማረጋገጫ አለ። ደም ከጥፍሩ ጋር ወደ ጫፍ ይሄዳል፣ ከኋላውም ንጹሕ ጥፍር ይወጣል። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል፣ የእግር ጥፍር ግን በወር ወደ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ ስለዚህ የእግር አውራ ጣት ሙሉ በሙሉ እስኪለወጥ ከዓመት በላይ ይፈጃል። ዛሬ ፎቶ አንሱ፣ ከሁለት ወር በኋላ አንሱ። ጥቁረቱ ካልተንቀሳቀሰ፣ ከኋላውም ንጹሕ ጥፍር ካልወጣ ደም ነው የሚለውን ተዉት።

4. ጥቁር ያልሆነውም አለ

አፍሪካ ውስጥ ጥቁር ሕዝብ ላይ በብዛት የሚታየው የቆዳ ካንሰር ሜላኖማ እንኳ አይደለም፤ ቁስል የሚመስለው ዓይነት ነው። የድሮ የእሳት ጠባሳ ላይ፣ ለዓመታት ያልዳነ የቅልጥም ቁስል ላይ፣ ሥጋ ደዌ የነበረበት ሰው ውስጥ እግር ላይ ባለ የቆየ ቁስል ላይ ይነሳል። ቁስሉ ዳሩ ከደነደነና ከፍ ካለ፣ እንደ አበባ ጎመን ማበጥ ከጀመረ፣ ሽታው ከተለወጠ፣ በቀላሉ ከደማ ናሙና ያስፈልጋል። “ይሄማ የ20 ዓመት ቁስል ነው” ማለት ማረጋጊያ አይሆንም፤ እንዲያውም የቆየው ነው የሚያሰጋው።

ኤችአይቪ ያለበት ሰው ቆዳው ወይም ላንቃው ላይ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ነጥብ ወይም እብጠት ካየ መድኃኒቱን ለሚሰጠው ክሊኒክ በዚያው ሳምንት ያሳይ።

ስለ ፀሐይ ብዙ አልልም። ለአብዛኛው ጥቁር ሰው ከውስጥ እግር ሜላኖማ የፀሐይ ክሬም አያድንም፣ ውድ ክሬም ካልገዛሁ ብላችሁ አትጨናነቁ። አልቢኒዝም ላለበት፣ ማለትም ቆዳውና ፀጉሩ ከተፈጥሮው ቀለም ለሌለው ሰው ግን ነገሩ ፍጹም ሌላ ነው። ከፍታ 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ደጋው አገራችን ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቢቀዘቅዝም ፀሐዩ ያቃጥላል። አልቢኒዝም ያለበት ልጅ ካላችሁ ሰፊ ባርኔጣ፣ እጀ ረጅም ልብስ፣ ጃንጥላ፣ ክሬም፣ ትምህርት ቤት ውስጥም ከሜዳ ይልቅ ጥላ ያስፈልገዋል። ከንፈሩን፣ ጆሮውን፣ አንገቱን በየወሩ እዩለት። እሱ ላይ ካንሰሩ ጥቁር ላይሆን ይችላል፣ ቀይ ወይም ሮዝ ሆኖ ቅርፊት የሚይዝ ትንሽ ቁስል ነው የሚሆነው።

5. ፎቶ አንሱ፣ ቀን ጻፉ

ጭንቀት የሚበዛው “አድጓል? አላደገም?” እያላችሁ በቀን አሥሬ ስታዩት ነው። በቀን አሥሬ የሚታይ ነገር ሲያድግም አይታወቅም። በቀን ብርሃን አንድ ፎቶ ከቅርብ፣ አንድ ፎቶ ከራቅ ብሎ የትኛው ቦታ እንደሆነ እንዲታይ። አጠገቡ ማስመሪያ አድርጉ፣ ሚሊ ሜትሩ ይነበብ። ፍላሽ አጥፉ። ቀኑን ጻፉ፤ ስልኩ የሚይዘው የፈረንጅ ቀን ስለሆነ ሐኪም ጋ “በጥር ነው ያየሁት” ስትሉ የትኛው ጥር እንደሆነ ግራ እንዳይገባ የሁለቱንም አቆጣጠር አስቀምጡት።

ከላይ ከጠቀስኳቸው ምልክቶች ግልጽ የሆነ ነገር ካለ ፎቶው ለማስረጃ ነው፣ ለመጠበቂያ አይደለም፤ ዛሬውኑ ቀጠሮ ያዙ። ምልክት የሌለው ግን ልባችሁ ያልረጋበት ትንሽ ነጥብ ከሆነ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይታችሁ በዚያው ብርሃን፣ በዚያው ርቀት እንደገና አንሱና አወዳድሩ። እስከዚያ አትዩት። ካልቻላችሁ በፕላስተር ሸፍኑት፣ እውነቴን ነው።

6. እጃችሁን ሰብስቡ

በፈረስ ጭራ ማሰር ይቅር። የቅንጭብ ወተት ይቅር፣ ዓይን ከገባም ያሳውራል። አሲድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የጋለ ብረት ይቅር። የውበት ሳሎን ውስጥ በኤሌክትሪክ ወይም በሌዘር ማስተኮስም ይቅር፤ ይህን አስረግጬ የምለው ሰው “ዘመናዊ ነው” ብሎ ስለሚሄድ ነው። ነገሩ ካንሰር ካልነበረ ጠባሳ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ካንሰር ከነበረ ደግሞ ላዩ ይጠፋል፣ ስሩ ይቀራል፣ ምን እንደነበረ የሚናገር ናሙናም የለም። ጠባሳው ስር ማደጉን ሲቀጥል ማንም አያየውም።

ጸበል የምትጠመቁ ጸበላችሁን አትተዉ። ናሙናውም ይወሰድ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ቁስሉ ክፍት ከሆነ ግን ሸፈን አድርጉት።

7. ወዴት ትሄዳላችሁ፣ ምን ትላላችሁ

አገር ቤት ከሆናችሁና በማኅበረሰብ ጤና መድህን የምትታከሙ ከሆነ መነሻችሁ ጤና ጣቢያ ነው፣ ያለ ሪፈር ከሄዳችሁ ወጪው የራሳችሁ ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥ ለቆዳ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል ቀዳሚው ነው፤ መጀመሪያ የተመሠረተው ለሥጋ ደዌ ቢሆንም ዛሬ ሁሉንም የቆዳ ሕመም ያያል። ወሎ ያላችሁ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አለላችሁ። ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ መቀሌ ያላችሁ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎቹን የቆዳ ክፍል ጠይቁ። ካንሰር መሆኑ ከተረጋገጠ ጥቁር አንበሳ የካንሰር ክፍል መሄዳችሁ አይቀርም፣ ግን መጀመሪያ እዚያ ሄዳችሁ አትሰለፉ፤ ያለ ፓቶሎጂ ውጤት፣ ማለትም ያለ ናሙናው የላቦራቶሪ ምርመራ ውጤት፣ ብዙ ነገር አይሠራላችሁም።

እዚያ ስትደርሱ “ዶክተር፣ እግሬን አሞኛል” አትበሉ። የተጨናነቀ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ የምታገኙት ደቂቃ ጥቂት ነው። እንዲህ በሉ፦ “ዶክተር፣ ተረከዜ ላይ ያለ ጥቁር ነገር ከጥር ወዲህ ሰፍቷል፣ ሁለት ጊዜ ደምቷል፣ የፈንገስ ቅባት ተቀብቼ አልዳነም፣ ፎቶዎቹ እነዚህ ናቸው። ሜላኖማ እንዳይሆን ሰግቻለሁ።” ቃሉን አትፍሩት። ሐኪሙ “ምንም አይደለም” ካላችሁ በትሕትና “ምን ነው ብለው ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። ስም ካለው፣ ምክንያትም ካለው፣ ጥሩ። “ዝም ብሎ ነጥብ ነው” ከሆነ መልሱ፣ ካልሲያችሁንም ሳታወልቁ ከሆነ የተነገራችሁ፣ ሌላ ሐኪም ጋ ሂዱ።

አሜሪካ ያላችሁ የቆዳ ሐኪም ቀጠሮ ለወራት ሊርቅባችሁ ይችላል። ስትደውሉ እየተለወጠና እየደማ ያለ ነገር መሆኑን ተናገሩ፣ የቤተሰብ ሐኪማችሁም አስቸኳይ ብሎ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። ከመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፤ የ12 ዓመት ልጃችሁን “ካንሰር ነው ወይ በይልኝ” አታስብሏት። እንግሊዝ ያላችሁ ጂፒያችሁ በካንሰር ጥርጣሬ አስቸኳይ ሪፈር እንዲጽፍ ጠይቁ፤ ያ ሪፈር ከተጻፈ በ28 ቀን ውስጥ ነው ወይም አይደለም መባል አለበት የሚል መመዘኛ አላቸው። እስራኤል ውስጥ በቁፓት ሖሊም (በጤና መድህን ድርጅቱ) በኩል ብዙውን ጊዜ ያለ ሪፈር በቀጥታ የቆዳ ሐኪም መያዝ ይቻላል። አረብ አገር ሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች፣ ከአሠሪ ፈቃድ ማግኘት እንደሚከብድ ይገባኛል። ፎቶውን አገር ቤት ላለ ሐኪም በሰው በኩል አሳዩ፤ ፎቶ ብቻውን ምርመራ ባይሆንም “ይህ ይጠብቃል” ወይም “ይህ አይጠብቅም” ለማለት ይረዳል። አይጠብቅም ከተባለ ኮንትራት እስኪያልቅ አትቆዩ።

8. ናሙና የሚወሰድ ቀን

“ካንሰር ብረት ከነካው ይዛመታል” የሚል አባባል ሰምታችኋል። ስንት ሰው ያስቀረ አባባል ነው። ናሙና መውሰድ ሜላኖማን አያሰራጭም፤ ሰው “ከተቆረጠ በኋላ ባሰበት” የሚለው ሲቆረጥ ቀድሞውኑ ተሰራጭቶ ስለነበር ነው።

ቦታው ላይ ብቻ ማደንዘዣ ይወጋል፣ መርፌው ያማል፣ ከዚያ በኋላ መነካካት እንጂ ሕመም አይሰማችሁም። ነጥቡ ትንሽ ከሆነ ከዙሪያው ጥቂት ሚሊ ሜትር ጤነኛ ቆዳ ጨምሮ ሙሉው ይወጣል። ውስጥ እግር ላይ ትልቅ ከሆነ ወፈር ካለው ቦታ ቁራጭ ሊወሰድ ይችላል። ጥፍር ከሆነ ጫፉን ቆርጦ መላክ አይበቃም፤ ቀለሙ የሚመነጨው ጥፍሩ ከሚበቅልበት ከስሩ ስለሆነ ናሙናውም ከዚያው ነው የሚወሰደው። ቢላው ከመነሳቱ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ “ናሙናው ፓቶሎጂ ይላካል አይደል?” አይላክም ካሉ አታስቆርጡ።

አንዳንድ ቦታ ናሙናውን ተሸክሞ ላቦራቶሪ የሚያደርሰው ታማሚው ወይም አስታማሚው ነው። ያኔ የሚቀመጠው ፎርማሊን በሚባለው፣ ሥጋው እንዳይበላሽ በሚያቆየው ፈሳሽ ውስጥ ነው። ውሃ፣ ጨው ውሃ፣ አረቄ አይሆንም። ፈሳሹ ከሥጋው ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን፣ ሥጋው ይጥለቅ፣ ክዳኑ ይጥበቅ። ዕቃው ላይ ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥር፣ የተወሰደበት ቦታ (ቀኝ ወይስ ግራ ጭምር) ይጻፍ። ክዳኑ ላይ ሳይሆን ዕቃው ላይ፤ ክዳን ይቀያየራል። ወረቀቱ ላይም ሐኪሙ ሜላኖማ መጠርጠሩን ይጻፍ።

ውስጥ እግር የተሰፋ ሰው ለሁለት ሦስት ሳምንት አይረግጥበትም፣ ስፌቱ ይለቃል። ፈቃድ ውሰዱ፣ ክራንች ተዋሱ።

9. ውጤቱ ሲመጣ

በቅድሚያ ለሐኪሙ ንገሩት፦ “ውጤቱን ለእኔ ንገሩኝ።” እኛ አገር ክፉ ውጤት ለወንድም ወይ ለባል ይነገራል፣ ታማሚው “ትንሽ ኢንፌክሽን ነው” ተብሎ ይሸኛል። ለፍቅር ብለው ነው የሚያደርጉት፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ምን እንደያዘው ያላወቀ ሰው ሁለተኛውን ቀዶ ሕክምና “ድኛለሁ እኮ” ብሎ ይተወዋል። አስታማሚ ከሆናችሁም ይህን አስቡበት። ብቻችሁን መስማት ካልፈለጋችሁ አንድ ሰው ይዛችሁ ግቡ፣ ያ ሰው ይጻፍ።

ወረቀቱ ላይ ካንሰር የለም ከተባለ ነገሩ አለቀ፤ ፎቶዎቹን አስቀምጡ፣ ሂዱ ሥራችሁን ሥሩ። ሜላኖማ ከተባለ ሦስት ነገር ፈልጉ። አንደኛው ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ነው፣ ብሬስሎ ይሉታል፤ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን ተቆርጦ የመዳን ዕድሉ ከፍተኛ ነው፣ በወፈረ ቁጥር ስጋቱ ይጨምራል። ሁለተኛው ላዩ ቆስሏል ወይስ አልቆሰለም ነው። ሦስተኛው የተቆረጠው ዳር ንጹሕ ነው ወይስ አይደለም። እነዚህ ካልተጻፉ ሐኪማችሁ ፓቶሎጂስቱን ጠይቆ ያስጽፍ።

ቀጥሎ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና አለ። ከጠባሳው ዙሪያ እንደ ውፍረቱ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ጤነኛ ቆዳ ጨምሮ ይወጣል። ዳሩ ንጹሕ ነው ተብሎም ቢሆን ይደረጋል፣ “ለምን እንደገና?” ብላችሁ አትደናገጡ። ተረከዝ ላይ ከሆነ ከሌላ ቦታ ቆዳ ሊለጠፍ ይችላል፣ ጥፍር ስር ከሆነ የጣቱ ጫፍ ሊቆረጥ ይችላል። ከባድ ውሳኔ ነው። ጣት ግን ጣት ነው፣ ሕይወት አይደለም። ውፍረቱ ወደ 1 ሚሊ ሜትር የቀረበ ወይም ያለፈ ከሆነ ስለ ንፍፊትም ይወራል፤ ለእግር ብሽሽት፣ ለእጅ ብብት ይታያል፣ የሚቻልበት ቦታ ካንሰሩ መጀመሪያ ሊደርስባት ከምትችለው የንፍፊት ዕጢ ናሙና ይወሰዳል። ተሰራጭቶ ከተገኘ ዛሬ ኢሚውኖቴራፒ የሚባሉ፣ የሰውነት መከላከያ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያግዙ መድኃኒቶች አሉ፣ የቀድሞው ኬሞ ያላደረገውን ያደርጋሉ፣ ዋጋቸው ግን ለአብዛኛው ቤተሰብ የማይቀመስ ነው። ወጪውን በግልጽ ጠይቁ። ቤት ከመሸጣችሁ በፊት ከመድኃኒቱ ምን እንደሚጠበቅ፣ ለስንት ጊዜ እንደሚወሰድ ጠይቁ።

ወረቀቶቹን ሁሉ በፎቶ ያዙ። ናሙናው የተቀመጠበት የሰም ብሎክ ላቦራቶሪው ውስጥ ይቆያል፤ ሌላ ከተማ ወይም ውጭ አገር ሌላ ሐኪም ማማከር ከፈለጋችሁ ብሎኩን ወይም ስላይዱን (ናሙናው የተለጠፈበትን መስታወት) ጠይቃችሁ ውሰዱ፣ ከወረቀቱ በላይ የሚፈለገው እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ ቀጠሮ ይኖራችኋል፣ እንደ ደረጃው ለዓመታት። በመሃሉ በወር አንዴ ጠባሳውን ዳስሱ፣ ዙሪያው አዲስ ጥቁር ነጥብ ወይም ጉብታ መኖሩን እዩ። ብሽሽታችሁን ወይም ብብታችሁን በጣት ጫፍ ፈትሹ። የማያም፣ ጠጠር ያለ፣ ከሁለት ሦስት ሳምንት በላይ የቆየ ንፍፊት ካገኛችሁ ቀጠሮው ቀን እስኪደርስ አትጠብቁ። እናትና አባታችሁ፣ እህት ወንድሞቻችሁና ልጆቻችሁም አንድ ጊዜ ካልሲያቸውን ያውልቁ።